የነደባው ቀይና የማርስ ቀይ

(ምስል፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ። የጌይ ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ በር ይከፈታል።)

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ግድግዳው ላይ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እናንተ ግን ነደባውን፣ ይሄን መቀመጫ መደብ እዩልኝ፤ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። አፈሩን ያቀላው ብረት ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የዛገ ብረት። ማርስንም ያቀላት ይኸው ዝገት ነው።

(ምስል፦ ማርስ)

ፕላኔቶች የራሳቸው ብርሃን የላቸውም። ነጭ በሚመስለን የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ሰማያዊውም አለ። ፕላኔቷ ከፊሉን ውጣ የተረፈውን ትመልሳለች፤ ቀለሟ የምንለው ያን የተረፈውን ነው።

የማርስ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ነፋስ ሲያነሳው አንዳንዴ ፕላኔቷን በሙሉ ይሸፍናታል፤ ቀን ላይ ሰማዩ ራሱ ወደ ቡኒ ያደላል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ምሽቷ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትጠልቅ አድማሱ ይቀላል፤ እዚያ በፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል። ያ የላመ አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ብዙም ሳይበትን ወደ ፊት ያሳልፈዋልና።

(ምስል፦ ዩራነስና ኔፕቲዩን ጎን ለጎን)

እነዚህ ላይ የሚረገጥ አፈር የለም። ከባቢ አየራቸው ውስጥ ያለው ሚቴን ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ይመለሳል። ኔፕቲዩንን ደማቅ ሰማያዊ አድርጋችሁ ስላችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የጠፈር መንኮራኩሩ ቮዬጀር 2 እ.ኤ.አ. በ1989 ያነሳቸው ፎቶዎች ደመናው ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ቀለማቸው ተጠናክሮ ነበር፤ ያው ቀለም በየመጽሐፉ ቀረ። በ2024 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲመረምሩ ሁለቱም ፈዛዛ አረንጓዴ አዘል ሰማያዊ ሆነው ተገኙ። ኔፕቲዩን ጭጋጓ ስለሚሳሳ በሰማያዊነት ትንሽ ትበልጣለች እንጂ።

ሜርኩሪ ባዶ ድንጋይ ናት፣ ግራጫ። ቬነስ ግን ታዘገየናለች።

(ምስል፦ የጁገል ኤረር በር፣ ንጋት)

በንጋት በምትታይባቸው ወራት እዚህ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ አጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷ ናት። የሚያበራው መሬቷ አይደለም፤ የሰልፈሪክ አሲድ ደመናዋ ከፀሐይ ብርሃን ሦስት አራተኛ ያህሉን ስለሚመልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የሶቪየት ኅብረቷ መንኮራኩር ቬኔራ 13 ከደመናው ሥር አርፋ ፎቶ ስታነሳ ድንጋዩ ብርቱካንማ ሆኖ ታየ፤ ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን አስቀርቶት ነበር። ያው ድንጋይ እኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ግራጫ ነው።