«ውጭ ስወጣ ይሻለኛል»፦ ስለ ቤት ውስጥ አየር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከጎተራ፦ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው። ጭስ የለውም። ግን ክረምት ላይ ቡና ስናፈላ ራሴን ያመኛል፣ እህቴንም ያዞራታል። ቡናው ይሆን?

መልስ፦ ሁለታችሁን በአንድ ጊዜ ማመሙ ነው ያሳሰበኝ። ቡና የለመደ ሰው ራሱን የሚያመው ቡና ሲያጣ ነው። ፍም ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ የጉልበት መክዳቱ ከዚያ ነው። ክረምት ላይ የሚብሰው ብርዱን ፈርታችሁ በርና መስኮት ስለምትዘጉ ነው። ውጭ ሲወጡ ቀለል ካለዎት ጥፋቱ የቤቱ አየር ነው ብለው ይያዙት።

ቡናው ሲያልቅ ደግሞ ማንደጃው ጥግ ላይ አይቀመጥ። አመዱን ጫር ቢያደርጉት ውስጡ ገና ቀይ ነው። እንዳለ ወደ ውጭ ይውጣ። ክፍል ይሞቃል ብሎ ከሰል አስገብቶ መተኛትማ በፍጹም! ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ።

እኚሁ አድማጭ፦ ሰው ራሱን ቢስትስ? ወተት ይሰጠው ይባላል።

መልስ፦ አይሰጥም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ቶሎ አውጡት፣ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። ቢነቃም ሐኪም ይየው።

አድማጭ ከኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ይጠቁራል። ሁለቴ ቀባሁት፣ ተመለሰ። ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። አያቱ ጋ ሲያድር ግን ደህና ነው።

መልስ፦ አያቱ ጋ ደህና ማደሩ ትልቅ ምልክት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሻጋታ ነው፤ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ቀለም አያጠፋውም። ከላይ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ እንዳለ ያሳዩ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አያስጡ። ጥቁሩን አፍንጫዎን ሸፍነው በሳሙናና በውኃ ፈትገው ያድርቁት። በረኪና ከተጠቀሙ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ልጁንም ሐኪም ይየው፣ አስም ሊሆን ይችላል።

አድማጭ፦ እጣን የቤቱን አየር ያጠራል?

መልስ፦ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያጠራም፤ እሱም ጭስ ነው። መስኮት ተከፍቶ ትንሽ ይጨስ። አስም ያለበት ሰው ካለ ግን እንግዳ ቢመጣም ይቅር።