የካኑ ፊርማ

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብሩክ ፌስታል አንጠልጥሎ ነው ስቱዲዮ የገባው። ምንድነው እሱ?

ብሩክ፦ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶቼ ናቸው። ፊርማ ያለባቸውን ብቻ ነው ያመጣሁት። ሌላው ቤት ሞልቷል።

ሰላም፦ ባለቤትህ ታውቃለች?

ብሩክ፦ ካርዶቹን ታውቃለች፣ ዋጋቸውን አታውቅም። ይልቅ ይሄን እዪ።

ሰላም፦ ንዋንኮ ካኑ! በአርሰናል ማሊያ። ፊርማው ግን የሐኪም ማዘዣ ነው የሚመስለው።

ብሩክ፦ ካርድ ከፊቱ ተከምሮ ሲፈርም የማን እጅ አይዝልም? አንዳንዴማ ተጫዋቹ ካርዱን ጭራሽ አይነካውም። ካርዱን የሚያትመው ኩባንያ ትንንሽ ስቲከር ይልክለታል። እሱ ስቲከሩ ላይ ይፈርማል፣ እነሱ ካርዱ ላይ ይለጥፉታል። እኔ ቀጥታ ካርዱ ላይ የተፈረመውን ነው የምወደው። ታዲያ ዋጋውም ወደድ ይላል።

ሰላም፦ እውነተኛ መሆኑን በምን ታውቃለህ?

ብሩክ፦ ተበልቼ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የገዛሁት የጆርጅ ዊሃን ፊርማ ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ። ሻጩ «እኔ ፊት ነው የፈረመው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ሲደርሰኝ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ፊርማው ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ! እስክሪብቶ ያልነካው፣ ማሽን ያተመው ነገር ነው።

ሰላም፦ ወይኔ! ስንት ወጣብህ?

ብሩክ፦ እሱን ተዪው። አሁን ኩባንያው ራሱ ከጀርባው «ፊርማው የእሱ ነው» ብሎ ያልጻፈበትን ካርድ አልገዛም።

ሰላም፦ እሺ፣ ግን ከአርሰናል ቲዬሪ አንሪ እያለ ለምን ካኑ?

ብሩክ፦ አንሪን ሁሉም ሰው ይሰበስባል። ካኑ ግን… ዓመቶቹን በፈረንጅ ልንገርሽ። በ1995 ገና በ18 ዓመቱ ከአያክስ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ የናይጄሪያ አምበል ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ብራዚልን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ የአቻዋንም የማሸነፊያዋንም ጎል ያገባው እሱ ነው። ወርቁንም ወሰዱ። ከዚያ ኢንተር ሚላን ገዛው፣ ሐኪሞች ሲመረምሩት ልቡ ላይ ችግር ተገኘ።

ሰላም፦ አዎ፣ አሜሪካ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ያደረገው።

ብሩክ፦ ክሊቭላንድ። ብዙ ሰው «በቃ፣ ኳስ አበቃለት» ብሎ ነበር። አሁን ይሄን ሁለተኛውን ካርድ ተመልከቺ። የኢንተር ዘመኑ ነው፣ ፊርማ የለበትም። ገልብጪው።

ሰላም፦ ክለብ፣ የትውልድ ዘመን፣ ቁመት… ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ብሩክ፦ አየሽ? ካርዱ የታተመ ቀን ላይ ቆሟል። የቼልሲን ሜዳ፣ ስታምፎርድ ብሪጅን አያውቅም።

ሰላም፦ ጥቅምት 1999! ወንድሞቼ ዛሬም ያወሩታል። ቼልሲ 2 ለ 0 እየመራ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ቀርቶ፣ ካኑ ብቻውን ሦስት አገባ።

ብሩክ፦ ሦስተኛዋ! በረኛው ዴ ኹይ ግቡን ትቶ ወደ ጥግ ወጣ። ካኑ አለፈው። የግቡ መስመር አጠገብ ነው ያለው፣ ግቡ ከዚያ ቦታ የሚታየው በስንጥቅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያሻግራታል። እሱ በተከላካዮቹ አናት ላይ አሳልፎ መረብ ውስጥ ከተታት። ልቡ በተጠገነ በሦስተኛ ዓመቱ!

ሰላም፦ እየተንቀጠቀጥክ ነው እኮ።

ብሩክ፦ ገና አልጨረስኩም። በ2008 በፖርትስማውዝ ማሊያ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ካርዲፍን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ጎሏ የእሱ ናት። ፊርማው ያለበት ካርድ ጫማ ከሰቀለ በኋላ የተፈረመ ነው። ፎቶው ወጣት፣ የፈረመው እጅ ግን ያን ሁሉ ያለፈ ሰው እጅ። ለዚህ ነው የገዛሁት።

ሰላም፦ የእኛዎቹስ? በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካ ዋንጫን ያስቀሩልን? የሉቻኖ ቫሳሎ፣ የመንግሥቱ ወርቁ ካርድ አይተህ ታውቃለህ?

ብሩክ፦ አንድም ቀን። ባገኝ ይሄን ሁሉ ፌስታል እሰጥ ነበር።

ሰላም፦ አባቴ ጋ ከጋዜጣ የተቆረጡ ፎቶዎች የተለጠፉበት ደብተር አለ። አንዱ ገጽ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጫረ ነገር አለ። ልጅ ሆነን እኛ ያበላሸነው ነው እያሉ ይቆጡን ነበር።

ብሩክ፦ የማን ፎቶ ላይ?

ሰላም፦ አላስታውስም።

ብሩክ፦ ሰላም፣ አዲስ አበባ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ሰላም፦ ሌሊት ነው፣ ተኝተዋል።

ብሩክ፦ እሺ፣ ይንጋላቸው። ግን ማንም ደብተሩን እንዳይነካው!