ሉሲ ስሎው፣ አንገቷን ያልደፋችው ዲን

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ሃዋርድን፣ የጥቁሮቹን ዩኒቨርሲቲ፣ ታውቁታላችሁ፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15፣ 1908 ዘጠኝ ሴት ተማሪዎች አልፋ ካፓ አልፋን መሠረቱ። ጥቁር ሴቶች ያቋቋሙት የመጀመሪያው ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ነው። ካማላ ሃሪስም አባል ናት፤ በምርጫዋ ሰሞን የማኅበሩን ቀለም፣ ሮዝና አረንጓዴ፣ የለበሱትን ሴቶች ሳታዩ አትቀሩም። ሐሳቡን ያመነጨችው ኤቴል ሄጅማን ስትሆን፣ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ግን ሉሲ ዲግስ ስሎው ነበረች።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ነው። አክስቷ ናት ያሳደገቻት። በ1917 የጥቁሮችን አገር አቀፍ የቴኒስ ውድድር አሸነፈች። በ1922 ደግሞ ሃዋርድ የሴቶች ዲን አደረጋት።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ያኔ የሴቶች ዲን ማለት ለብዙዎች የዶርም ዘበኛ ማለት ነበር፤ ማን ገባች፣ ማን አመሸች፣ ከማን ጋር ታየች። ሉሲ ግን ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን የሠራች ሴት ናት፤ ዘበኛ አልሆንም አለች። ነገሩ ገባኝ። ቤቷ «አንገትሽን ድፊ» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታም ያንኑ ከሰማች መቼ ነው በራሷ ጉዳይ የምትወስነው?

ከሃዋርድ ፕሬዚዳንት ከሞርድካይ ጆንሰን ጋር ግን አልተስማሙም። በነገራችን ላይ ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሃዋርድን ሃዋርድ ካደረጉት አንዱ፤ የኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት በእሳቸው ዘመን ነው። ለሉሲ ግን ፊት አልሰጧትም። ደመወዟ ከወንዶቹ ዲኖች ያንስ ነበር፤ ደጋግማ ጠየቀች። ይባስ ብሎ ቤትሽን ትተሽ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ገብተሽ ኑሪ ተባለች። ብሩክላንድ ሰፈር ከጸሐፌ ተውኔቷ ከሜሪ በሪል ጋር የምትኖርበት፣ ተማሪዎቿንም የምትጋብዝበት የራሷ ቤት ነበራት። ወንዱን ዲን ቤትህን ትተህ ና የሚለው ማን ነው?

አልገባችም። በ1937 እስክትሞት ዲንም ነበረች፣ ቤቷም እዚያው ነበር። ካርኒ ስትሪት 1256 ላይ ነው፤ በ2020 በአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።