አዲስ ድምፅ በሞገዳችን ላይ ሲጣራ

የተከበራችሁ የአማተር ሬዲዮ ክበባችን አባላት፣ ፈቃዳችሁን በቅርቡ ያገኛችሁ አዲስ ሬዲዮኞች፣ በእንግድነት የተገኛችሁ ወዳጆቻችን፤

በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ስለ አንቴና ወይም ስለ አጭር ሞገድ እንደማወራ የጠበቃችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ። ይዤ የመጣሁት ጉዳይ ግን ከዚያ የሚቀድም ነው፤ አዲስ ሰው በሞገዳችን ላይ ሲጣራ ወይም በስብሰባችን በር ሲገባ፣ ከእኛ ከነባሮቹ ስለሚያገኘው ምላሽ ነው።

ለፈተናው ወራት አጥንቶ የጥሪ ምልክቱን፣ ማለትም በሞገድ ላይ የሚታወቅበትን የፊደልና የቁጥር ስም፣ የተቀበለ ሰው በመጀመሪያው ምሽት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእጅ ሬዲዮውን በ2 ሜትር ባንድ ላይ ወዳለው ሪፒተር፣ ማለትም በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቀበለውን ድምፅ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ወደሚያሰራጨው ጣቢያ፣ ያስተካክላል፤ የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ ፊቱ ያስቀምጣል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ቁልፉን ይጫንና የጥሪ ምልክቱን ፊደል በፊደል ይናገራል። ጣቱን ሲያነሳ የሪፒተሩ ሞገድ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ነባር አባላት ጨዋታቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ሰውየው የሰማው ሰው እንዳልጠፋ፣ የጠፋው የሚመልስለት እንደሆነ ይረዳል። ቅስም የሚሰብረውም ይኸው ነው።

እኔ ፈቃድ ባገኘሁበት ዓመት፣ መጀመሪያ በሄድኩበት ክበብ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ያነጋገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የተቀመጥኩበት ወንበር የሌላ ሰው መሆኑን ሊነግረኝ ነበር። ዳግመኛ የክበብ ደጃፍ እስክረግጥ ድረስ ስድስት ዓመት አለፈ።

ይህን የቀመስኩ ሰው ሆኜ ሳለ እኔም በተራዬ በድያለሁ። አብዛኞቹ ሪፒተሮቻችን የሚከፈቱት ከድምፃችን ሥር ዝቅ ያለ ቶን፣ ለምሳሌ 88.5 ኸርዝ፣ አብሮ ሲላክ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ምሽት የሪፒተሩን መግቢያ ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ ሳዳምጥ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው የጥሪ ምልክት ይጣራል። ቶኑን በሬዲዮው ላይ እንዳልሞላና ሪፒተሩ እንዳልተከፈተለት ወዲያው ገባኝ። እሱ ግን የሪፒተሩን መውጫ እያዳመጠ ስለነበር፣ እኔ በሪፒተሩ በኩል አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይሰማኝ ነበር። ሌላ ሰው ይነግረዋል ብዬ ተውኩት። በማግስቱም ተጣራ፤ በሦስተኛውም ምሽት ተጣራ። በአራተኛው ምሽት ድምፁን አልሰማሁም፤ ከዚያም ወዲህ ያን የጥሪ ምልክት ሰምቼው አላውቅም። አስቦበት ክፉ የሆነ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው፤ አዲሱን ሰው የሚያርቀው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ቸልታ ነው።

ከነባሮቹ በኩል የሚነሳው ቅሬታም እውነት እንዳለው አልክድም። አዲስ ሰው ሳያዳምጥ ይገባል፤ በሰው ንግግር ላይ ይደርባል፤ ቁልፉን ይዞ ብዙ ይናገራል። ይህ መታረም አለበት። ነገር ግን ሁሉ እየሰማ በሞገድ ላይ የሚሰጥ ተግሣጽ ሰውየውን ያሸሸዋል እንጂ አያስተምረውም። ከንግግሩ በኋላ ለብቻው ቢነገረው ግን የሚያመሰግን ነው። ሴት ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ዓይነት በደል አለ፤ ስለ አንቴናዋና ስለ ሲግናሏ መጠየቅ ሲገባ፣ ስለ ግል ኑሮዋ የሚጠይቃት ይበዛል። ይህም ማባረር ነው።

«ሞርስ ያልተማረ ሬዲዮኛ አይባልም» የሚለውም አነጋገር በመካከላችን አልጠፋም። እኔ ሞርስን፣ ያን ፊደላት በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላኩበትን ዘዴ፣ እወዳለሁ፤ ዛሬም በየሳምንቱ እሠራበታለሁ። ይሁን እንጂ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮንፈረንስ፣ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ለመሥራት የሞርስ ፈተና እንዲያስፈልግ ወይም እንዳያስፈልግ የመወሰኑን ሥልጣን ለየአገሩ ትቷል። አገሩ የጠየቀውን ፈተና ያለፈን ሰው፣ እኛ በፊታችን ገጽታ ሁለተኛ ፈተና ልንፈትነው መብት የለንም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ የአማተር አገልግሎትን ሲተረጉም፣ ራስን ማሠልጠንን፣ እርስ በርስ መገናኘትንና ቴክኒካዊ ምርምርን ዓላማው አድርጎ ነው። እርስ በርስ መገናኘት ደግሞ መላሽ ከሌለ የማይቻል ነው።

የሙያችንም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከ100 ዓመት በፊት አማተሮች ርዝመቱ ከ200 ሜትር በታች ወደሆነው ሞገድ የተገፉት፣ ያ ሞገድ ለሩቅ ግንኙነት አይረባም ተብሎ በታመነበት ጊዜ ነበር። በ1921 ዲሴምበር ፖል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ አማተር ወደ ስኮትላንድ ሄዶ፣ አርድሮሳን በሚባል የባሕር ዳርቻ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከአትላንቲክ ማዶ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ሌሊት ለሌሊት አዳመጠ፤ የአገሩን አማተሮችም ሰማቸው። የላኪዎቹ ሥራ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን በብርድ ተቀምጦ ያን ያህል የሚያዳምጥ ባይኖር ኖሮ መተላለፉንም ማንም አያውቅም ነበር። እኛ ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣች፣ ከጩኸት በታች ያለች ሲግናል ለመያዝ እስከ ንጋት የምንቀመጥ ሰዎች ነን። በዚያው ትዕግሥት፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ ለሚሰማ ጀማሪ መልስ መስጠት እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ሬዲዮ ማስተካከያ ኬብልና የአንቴና መለኪያ ይዘን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ፤ አዲስ ሰው የያዘው ሬዲዮ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ሪፒተሩን በትክክል አስገብተንለትና አብሮን ሞክሮ ይሂድ። ከዚህም በላይ፣ በሳምንቱ ውስጥ በየምሽቱ ከመካከላችን አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ሪፒተሩን ከነመግቢያው የማዳመጥ፣ ለሚጣራ ሁሉ የጥሪ ምልክቱን ጠርቶ የመመለስና የሲግናሉን ሁኔታ የመንገር ኃላፊነት ይውሰድ።

የስም መጻፊያው ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰባት ምሽቶች ተዘርዝረውበታል፤ የነገውን እኔ ወስጃለሁ፤ ስድስቱ ባዶ ናቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።