ቻናል 7 እና 9 የት ገቡ? የቤት አንቴና ጣቢያ ሲያጣ መላው

[ምስል፦ የሳሎን ቴሌቪዥን፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይታያል።]

ተራኪ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ማብራሪያ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን ለምትኖሩና የኬብል ክፍያ አቋርጣችሁ በአንቴና ለምትመለከቱ ሁሉ ነው። ትናንት ጥርት ብሎ ሲታይ የነበረ ጣቢያ ዛሬ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሌላ አንቴና ይገዛል። እባካችሁ ገንዘባችሁን ለጊዜው ያዙት። በቅድሚያ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አለ፦ የጠፉት የትኞቹ ናቸው? ሁሉም ናቸው፣ ጥቂቶቹ ናቸው፣ ወይስ 7 እና 9 ብቻ?

ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱ። የሚሠሩትን በአንድ ወገን፣ የጠፉትን በሌላ ወገን ጻፉ። ብልሽቱ ገመድ ላይ ይሁን አንቴናው ላይ፣ ቤት ውስጥ ይሁን ጣቢያው ዘንድ የሚለየው በዚህ ዝርዝር ነው። ሪሞቱን አንስታችሁ አዲስ ፍለጋ ከማስጀመራችሁ በፊት መጻፋችሁ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አገር ቤት ከዲሽ ጋር የኖረ ሰው አንድ ልዩነት ልብ ይበል። ዲሽ የሚያነጣጥረው ወደ አንድ ሳተላይት ነው። ለምሳሌ ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ነው የሚመጣው፤ ዲሹ ጥቂት ከተነቃነቀ ሁሉም ጣቢያ አብሮ ይሄዳል። የቤት አንቴና ግን ከተለያዩ ማማዎች፣ በተለያየ ፍሪኩዌንሲና በተለያየ ኃይል የሚመጡ ሞገዶችን ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ጎረቤቱ ጣቢያ ሳይነካ አንዱ ብቻውን ሊጠፋ ይችላል። መላው የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

[ምስል፦ በስክሪኑ ላይ «4.1»፣ ከሥሩ «34» የሚል ቁጥር።]

ተራኪ፦ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ጣቢያው የሚተላለፍበት እውነተኛ ቁጥር ላይሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭታቸውን ያቆሙት እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 ነው። ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ አብዛኞቹ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ያዙ፤ ተመልካቹ እንዳይደናገር ግን የቀድሞ ቁጥራቸውን በስም ደረጃ አስቀሩት። በዲሲ የኤንቢሲ ጣቢያ የሆነው ቻናል 4 ስክሪን ላይ 4.1 ይላል እንጂ ሞገዱ የሚጓዘው በ34 ነው። ፎክስ 5 በ36 ነው የሚሄደው። ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 ግን ዛሬም በእውነተኛው 7 እና 9 ላይ ናቸው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በዚህ አካባቢ ከሚሰማው የጠፋብኝ አቤቱታ ትልቁ ክፍል የሚፈታው በእሷ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከ2009 በኋላ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2017 ባጠናቀቀው ጨረታ ከ38 እስከ 51 ያሉት የቴሌቪዥን ቁጥሮች ለሞባይል ስልክ አገልግሎት ተላለፉ። በእነዚያ ቁጥሮች ላይ የነበሩት ጣቢያዎች ወደ ታች መውረድ ነበረባቸው፤ ቦታ ለማመቻቸት ሲባል ሌሎችም አብረው ተንቀሳቀሱ። ዝውውሩ እስከ ጁላይ 2020 ቀጠለ። ቻናል 4 ራሱ ቀድሞ 48 ላይ ነበር። ቴሌቪዥናችሁ ከዚያ ወዲህ አዲስ ስካን፣ ማለትም የጣቢያ ፍለጋ፣ ካላደረገ ዛሬም የሚፈልገው ጣቢያው ለቆት የሄደውን ቦታ ነው። ዕቃ ቤት ከርሞ ለእንግዳ ክፍል የወጣ ቴሌቪዥን ላይ ይህ በብዛት ይታያል።

አሁን ወደ ዝርዝራችሁ እንመለስ።

[ምስል፦ የገመድ ጫፍ በቅርበት።]

ተራኪ፦ ሁሉም ጣቢያ በአንድ ጊዜ ከጠፋ አንቴናውን አትውቀሱ። ቴሌቪዥኑ በአንቴና መስመር ላይ መሆኑን በሪሞቱ አረጋግጡ። ሜኑው ውስጥ የፍለጋው ዓይነት «ኬብል» ተብሎ ተመርጦ ከሆነ ወደ «አንቴና» ወይም «ኤር» ቀይሩት፤ በ«ኬብል» ሲፈልግ ያለውንም ጣቢያ አያገኝም። አንቴናችሁ የሲግናል ማጉያ (አምፕሊፋየር) ካለው የማጉያው አዳፕተር ሶኬት ላይ መሰካቱን እዩ። ቤት ሲጠረግ ተነቅሎ የቀረ አዳፕተር ሁሉንም ጣቢያ ያጠፋል፤ ኃይል ያጣ ማጉያ ሲግናሉን እንደ ተራ ገመድ አያሳልፍም፣ ይዘጋዋል።

ቀጥሎ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ፍቱትና ጫፉን በብርሃን ተመልከቱ። መሐል ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ ቀጥ ብሎ ከመያዣው ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ማለት አለበት። ታጥፎ ከጎን ከተኛ በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አቅኑት። በዙሪያው የተጎነጎነው ቀጭን ሽቦ አንዲት ዘለላው እንኳ አፈንግጣ መሐሉን ከነካች ሲግናሉ እዚያው ይቀራል፤ በመቀስ ቁረጧት። ውጭ የሚያድር ገመድ ከሆነ ደግሞ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ፈልጉ። አረንጓዴ ካያችሁ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ውኃ የገባበትን ገመድ ማድረቅ አያዋጣም፣ ይቀየር። ስትገዙ አርጂ 6 የሚባለውን ጠይቁ።

[ምስል፦ መስኮት ላይ የተለጠፈ ጠፍጣፋ አንቴና፤ ጎን ለጎን ሁለት የሚመዘዙ ዘንጎች ያሉት አንቴና።]

ተራኪ፦ ሌላው ሁሉ ሠርቶ 7 እና 9 ብቻ ከጠፉ ወይም ከተቆራረጡ፣ ችግሩ ከአንቴናው መጠን የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከ7 እስከ 13 ያሉት ቁጥሮች ቪኤችኤፍ በሚባለው ክልል ውስጥ ሲሆኑ ከ14 እስከ 36 ያሉት በዩኤችኤፍ ውስጥ ናቸው። የቻናል 7 ሞገድ ርዝመት 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚቀበለው አንቴና የዚህን ግማሽ ገደማ፣ ማለትም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ለቻናል 36 ግን ግማሹ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ስስ አንቴና ለ25 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃል፣ ለ80ው አይበቃም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ግን የፊዚክስ ጉዳይ ነውና በማስታወቂያ አይለወጥም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሁለት የሚመዘዙ ዘንጎች ያሉት የድሮው ዓይነት የቤት ውስጥ አንቴና ፈልጉ። እያንዳንዱን ዘንግ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ምዘዙት፤ እስከ መጨረሻው መምዘዝ አያስፈልግም። እንደ ቀንድ ወደ ላይ ከማቆም ይልቅ ግራና ቀኝ አግድም አስተኟቸው፤ የጣቢያዎቹ ሞገድ በዋናነት የሚመጣው አግድም ነውና። ከዚያም የዘንጎቹን ጎን ወደ ማማው አዙሩ። ጫፋቸው ወደ ማማው ካመለከተ ደካማ ነው የሚሆኑት።

ማማው የት ነው? የዲሲ ዋና ዋና ማማዎች በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ቴንሊታውን አካባቢ፣ በዊስኮንሲን አቬኑና በኔብራስካ አቬኑ ዙሪያ ተቀራርበው ቆመዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ለሚመለከት ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአሌክሳንድሪያ ለሚመለከት በስተሰሜን ናቸው። የባልቲሞር ጣቢያዎች ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም በተቃራኒው ናቸው። ስለዚህ የባልቲሞርን ለማግኘት አንቴናውን ያዞረ ሰው የዲሲው ቢደክምበት አይደነቅ። ራቢት ኢርስ በሚባለው ድረ ገጽ ወይም በኮሚሽኑ የስርጭት ካርታ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ የእያንዳንዱን ጣቢያ እውነተኛ ቁጥር፣ አቅጣጫና ጥንካሬ ያሳያችኋል።

ቪኤችኤፍ ሌላም ጠላት አለው፤ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች የሚለቁት ረብሻ በዚያው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ፈተናው ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑን ቻናል 7 ላይ አድርጉና ከሜኑው የሲግናል መለኪያውን ክፈቱ፤ በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ አለ። አሁን በክፍሉ ያሉትን አምፖሎች አንድ በአንድ አጥፉ፣ ቻርጀሮቹንም ንቀሉ። የአንዱ መጥፋት መለኪያውን ከፍ ካደረገ ጥፋተኛው ተገኘ። አምፖሉን ቀይሩ ወይም አንቴናውን ከእሱ አርቁ።

[ምስል፦ ባለ አራት መውጫ ስፕሊተር።]

ተራኪ፦ ጣቢያዎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፉ ምስሉ እየተሰባበረ፣ ድምፁ እየተቆረጠ ከሆነ ሲግናሉ ከመድረሱ በፊት የሆነ ቦታ ተመናምኗል። የዲጂታል ስርጭት በዚህ በኩል ጨካኝ ነው። አናሎግ ሲደክም ምስሉ በረዶ እየመሰለም ቢሆን ይታይ ነበር፤ ዲጂታል ግን አንድ መስመር አለው፤ ከመስመሩ በላይ ፍጹም ጥርት፣ ከመስመሩ በታች ባዶ። ብልሽት የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚያች መስመር ላይ መንገዳገድ ነው። አንዱን ገመድ ለአራት ክፍል የሚያከፋፍል ስፕሊተር ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ከሲግናሉ ሩብ ያነሰ ነው የሚያደርሰው። ክፍል ቀይራችሁ የማትጠቀሙበት መውጫ ካለ ባለ አራቱን አንሱና ባለ ሁለት አድርጉ፤ ወይም ለሙከራ ገመዱን በቀጥታ ከአንዱ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙ። ከተስተካከለ የጠፋው ሲግናል ስፕሊተሩ ላይ ነበር።

«ታዲያ ማጉያ ልጨምርበት?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ያለ ሰው ከቴንሊታውን ማማዎች 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። በዚህ ርቀት ሲግናሉ ራሱ ብርቱ ነው፤ ማጉያ ሲጨመርበት የቴሌቪዥኑ መቀበያ ይጥለቀለቅና ደህና የነበሩት ጣቢያዎች ይጠፋሉ። አንቴናችሁ ማጉያ አብሮት ከመጣ ያለ ማጉያው ሞክሩት። ማጉያ ጥቅም የሚሰጠው ለረጅም ገመድና ለሩቅ ቤት ነው፤ እሱንም ከአንቴናው አጠገብ ስታስቀምጡት እንጂ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አይደለም። «200 ማይል ይቀበላል» ተብሎ የሚሸጠውንም እለፉት። የምድር ክብነት ራሱ ከ60 ወይም 70 ማይል በላይ አዘውትሮ መቀበልን ይከለክላል።

ጣቢያው ቅጠል በረገፈበት የብርድ ወቅት ሠርቶ በግንቦት የሚጠፋ ከሆነ ዛፉን ተመልከቱ። እርጥብ ቅጠል የዩኤችኤፍን ሞገድ ይመጠዋል። አንቴናውን ከፍ ማድረግ ወይም ቅርንጫፍ ወደሌለበት መስኮት ማዛወር ይረዳል። ሙቀት ለመከላከል በስስ ብረት የተቀባ የመስኮት መስታወትም ሞገድ ያግዳል፤ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ ሌላ ግድግዳ ሞክሩ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁ ደግሞ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ምስሉ ለአፍታ ቢሰበር ሞገዱ ከአውሮፕላኑ አካል እየነጠረ ስለሚመጣ ነው።

[ምስል፦ የስካን ሜኑ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል።]

ተራኪ፦ አሁን ስካን። ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ብዙ ቴሌቪዥኖች ስካን ሲያደርጉ የድሮውን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይሰርዛሉ። ጣቢያው ለጥገና ማሠራጫውን ያጠፋበት ሰዓት ላይ ብትፈልጉት ከማኅደሩ ይወጣል፤ ሲመለስም አታዩትም። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ብቻ በድንገት ከጠፋ ጎረቤት ጠይቁ፣ የጣቢያውን ድረ ገጽ እዩ፣ አንድ ቀን ጠብቁ። ካልተመለሰ የአንቴናውን ገመድ ንቀሉና ስካን አድርጉ፤ ምንም አያገኝም፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ የድሮው ማኅደር ይጸዳል። ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ከሶኬት ነቅላችሁ መልሱ። ከዚያ አንቴናውን ሰክታችሁ እንደገና ስካን አድርጉ። እስከ መጨረሻው ይሂድ፤ መሐል ላይ አታቋርጡት።

በመጨረሻ ለተከራዮች። አከራዩ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ «አንቴና ክልክል ነው» ካላችሁ ወዲያው አትቀበሉ። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ፤ ኦታርድ ይባላል። በእናንተ ብቻ ቁጥጥር ሥር ባለ በረንዳ ወይም ግቢ ላይ የአካባቢ ጣቢያ የሚቀበል አንቴና ማቆምን አከራይ ሊከለክል አይችልም። የጋራ የሆነውን ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ግን ደንቡ አይሸፍንም፤ አንቴናው ከበረንዳው አጥር ውጭ መውጣት የለበትም፤ ግድግዳ መብሳትንም አከራዩ ሊከለክል ይችላል። ከእሳት መውጫና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ የደኅንነት ገደብም ሕጋዊ ነው፤ ሽቦ ባለበት አጠገብ ረጅም ዘንግ ማንሳት ሕይወት ያስከፍላል። አንቴናውን በረንዳው ላይ በእግሩ አቁሙት፤ በበር ሥር የሚያልፍ ጠፍጣፋ ገመድ ይሸጣል፣ እሱን ተጠቀሙ። አከራዩ አሁንም እምቢ ካለ የደንቡን ማብራሪያ ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ አትሙና ከደብዳቤያችሁ ጋር አያይዛችሁ ስጡት።