ስሟን ያስመለሰች የወንዝ ዳር ሰፈር

የተከበራችሁ የጉዞ ማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በመጪው ጥቅምት ወደ ጃፓን ስንሄድ ስለ ቶኪዮና ስለ ኪዮቶ የሚያጫውታችሁ ሰው አታጡም። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ አንድ ሄክታር እንኳ ለማትሞላ ሰፈር ላውለው። ካዙኤማቺ ትባላለች፤ ካናዛዋ በተባለችው ከተማ፣ አሳኖ ወንዝ ዳር ነው ያለችው። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል።

ካናዛዋ ሁለት ወንዞች አሏት። ሳይ የተባለው ኃይለኛ ስለሆነ የአገሩ ሰው «ወንዱ» ይለዋል። ዝግ ብሎ የሚወርደው አሳኖ ደግሞ «ሴቷ» ነው። ሴቷም ስትቆጣ አያድርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፈሯ በብሔራዊ ደረጃ እንድትጠበቅ በተመዘገበች በሁለት ወር ውስጥ ወንዟ ሞልታ ዳርቻዋን አጥለቀለቀች። በሌላው ቀን ግን አጠገቧ ቆማችሁ ድምፅዋን ለመስማት ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል።

በወንዙ ዳር ተደርድረው የምታዩዋቸው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች «ቻያ» ይባላሉ። ቃሉ ሻይ ቤት ማለት ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሒሳብ ከፍላችሁ የምትወጡበት ቤት ግን አይደለም። በካናዛዋ «ጌይጊ» የሚባሉት ጌይሻዎች ሻሚሰን የተባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ እየመቱ፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ እንግዳ የሚያስተናግዱበት ነው። በወጉ መሠረት ቤቱ የሚያውቀው ደንበኛ ይዞት ካልመጣ በቀር አዲስ ሰው አይገባም። አዝማሪ ቤት ዘው ብሎ መግባት የለመደ አበሻ ይህ ሊከፋው ይችላል። እኔንም ከፍቶኝ ነበር።

የመስኮቶቹን ፍርግርግ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። «ኪሙሱኮ» ይሉታል፣ የትንንሽ በራሪ ነፍሳት ማኖሪያ ከሆነው የእንጨት ቤት አስመስለው ነው ስሙን ያወጡለት። ቀጫጭን እንጨቶቹ በውጭ በኩል ሰፋ፣ በውስጥ በኩል ጠበብ ተደርገው ተጠርበዋል። ስለዚህ ከውስጥ ያለው ሰው መንገደኛውን በደንብ ያያል፤ መንገደኛው ግን ጥቁር እንጨት ብቻ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ብልሃት ያለው አናጢ መጋረጃ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ስሟ ልምጣ። «ካዙኤ» የሒሳብ ሹም ማዕረግ ነበር። ድሮ ካናዛዋን ይገዙ የነበሩት የማኤዳ መሳፍንት ባለሟል የሆነው ቶሚታ ካዙኤ ግቢው እዚያ ስለነበር ሰፈሩ በእሱ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 አድራሻ በቁጥር እንዲስተካከል ሕግ ወጣና በ1970 ስሟ ጠፋ፤ የጎረቤት ሰፈር ስም ከቁጥር ጋር ተለጠፈባት። እኛ ቀበሌው በቁጥር ሲጠራ ሰፈሩን በስሙ መጥራት ያልተውን ሰዎች ይህ ይገባናል። ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። ጠይቀው፣ ተመላልሰው በ1999 ስማቸውን አስመለሱ። በጃፓን የተሰረዘ የሰፈር ስም ሲመለስ የመጀመሪያው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች የካናዛዋ ሰፈሮችም ተከተሉ። ለእኔ የሰፈሯ ጸጥታ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ሰው ስለጠፋባት አይደለም ጸጥ ያለችው፤ የሚጠብቋት ሰዎች ስላሏት ነው።

ከኋላ ካለው ቤተ መቅደስ ወደ ሰፈሯ የሚወርድ «የጨለማ ቁልቁለት» የሚባል ደረጃ አለ። ድሮ ባለጸጋ ነጋዴዎች ሰው ሳያያቸው ወደ ቻያ የሚሹለከለኩት በእሱ ነበር። አጠገቡ ያለው ሌላው ደረጃ ስም አልነበረውም፤ ነዋሪዎቹ አንድ ደራሲ ለምነው «የብርሃን ቁልቁለት» አስባሉት።

ለመንገዳችሁ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የአገሩ ሰው «ምሳህን ብትረሳም ጃንጥላህን አትርሳ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሁለተኛው ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። የመጀመሪያ ቀን ከመሸ ደርሼ ባለ ጎማ ሻንጣዬን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እያንኳኳሁ ጎተትኩት። አንዲት አሮጊት በራቸውን ከፍተው ወጡ። አልተቆጡኝም። ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አዩት። አንስቼ ተሸከምኩት።

በማግስቱ ማታ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መብራቶቹ በርተው ውኃው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ድሮ ለማለፍ አንዲት ሳንቲም ይከፈልበት በነበረው የእግረኛ ድልድይ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከአንዱ ቤት ፎቅ ሻሚሰን ተሰማ፤ ጥቂት መታ መታ ተደርጎ ቆመ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ልምምድ ላይ የነበረች ይመስለኛል። ቀና ብዬ ፈለግኋት፤ ከፍርግርጉ በቀር ምንም አላየሁም። እሷ ግን እኔን ሳታየኝ አልቀረችም።

አመሰግናለሁ።