በሰው ፓኬጅ እጅ ሲገባ

[ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ፦ 1.0-1]

ተራኪ፦ ይቺን ቁጥር እዩልኝ። ዴቢያን የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለ የአንድ ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ የቨርዥን ቁጥር ናት እንበል።

[ቁጥሯ ወደ 1.0-1.1 ትቀየራለች]

ጫፏ ላይ ነጥብ አንድ ተጨመረች። ምን ማለት ነው? ፓኬጁን ያደሰው ሜንቴነሩ፣ ማለትም የፓኬጁ ኃላፊ፣ አይደለም፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። የዴቢያን ሰዎች ይሄን ኤንኤምዩ ይሉታል፤ ሜንቴነሩ ያልሆነ ሰው ያወጣው እድሳት ማለት ነው።

ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆመ ነው። ሜንቴነሩ ሊታመም፣ ሥራ ሊበዛበት ወይም ሊሰለቸው ይችላል። ማን ይፈርድበታል? ባጉ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ስህተት፣ ግን እሱን አይጠብቅም።

[አንድ ቀይ መስመር፣ ከሥሩ አንድ አረንጓዴ]

አንዱ ይመጣና አንዲት መስመር ያስተካክላል። እሰየው! ግን እግረ መንገዱን ፋይሎቹንም እሱ እንደሚወደው አድርጎ ያደራጃቸዋል። ሜንቴነሩ ሲመለስ የገዛ ፓኬጁ ይጠፋዋል። ጠቡ የሚነሳው ይሄኔ ነው። እኔ ከሜንቴነሩ ጎን ነኝ። እንግዳው ነገ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ባግ የሚመጣው ለሜንቴነሩ ነው። የዴቢያን መመሪያም በኤንኤምዩ የፓኬጁን አሠራር መቀየር አያበረታታም።

የመጠበቂያ ጊዜም አለ። ተራ ማስተካከያ 10 ቀን ወረፋ ላይ ይቆያል። ሪሊዝ፣ ማለትም አዲስ የዴቢያን እትም፣ እንዳይወጣ የሚያግድ ባግ ከተመዘገበ 7 ቀን ካለፈው ደግሞ 2 ቀን ይበቃል። ሜንቴነሩ በዚህ መሃል «ቆይ» ማለት ይችላል። በተቃራኒው «ሳታንኳኩ ግቡ» ብለው ስማቸውን ያስመዘገቡም አሉ።

[ጥቁር ስክሪን፦ 2006]

አንዳንዴ ደግሞ እንግዳው ራሱ ዴቢያን ይሆናል። ኦፕንኤስኤስኤል መረጃ የሚያመሰጥር ሶፍትዌር ነው። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ ዴቢያን ፓኬጅ ያደርገዋል። ቫልግራይንድ የሚባለው የኮድ መመርመሪያ ስለ ሜሞሪ አጠቃቀሙ ማስጠንቀቂያ ይደረድር ነበር። የዴቢያኑ ሜንቴነር ሁለት መስመር ከሥራ ውጪ አደረገና ማስጠንቀቂያው ጸጥ አለ።

[ሁለቱ መስመሮች ይደበዝዛሉ፤ አንዷ ብቻ ተመልሳ ትበራለች]

ከሁለቱ አንዷ ብትወጣም ብዙ አትጎዳም ነበር። ይቺኛዋ ግን ለምስጢር ቁልፍ መሥሪያ የሚሆነውን የዘፈቀደ ቁጥር የምትመግበው ነበረች። እሷ ስትወጣ ለግምት አስቸጋሪ ሆኖ የቀረው የፕሮሰሱ፣ ማለትም በዚያ ሰዓት የሚሠራው ፕሮግራም፣ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ። እሱ ደግሞ ቢበዛ 32,768 ዓይነት ነው። ኮምፒውተር ይሄን ሁሉ ሞክሮ ለመጨረስ ብዙም አይቸገርም። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በሜይ 2008 ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ በተነካው ፓኬጅ የተሠሩት ቁልፎች ሁሉ መጣል ነበረባቸው።

«ማነው ጥፋተኛው?» የሚለው ክርክር ወዲያው ተጋጋለ። ሜንቴነሩ ዝም ብሎ አልነካውም፤ ከመንካቱ በፊት የኦፕንኤስኤስኤልን ሰዎች ጠይቋል። ያገኘው መልስም አይከለክልም ነበር። እነሱ በበኩላቸው ጥያቄውን የተረዱት ለዲበጊንግ፣ ማለትም ለስህተት ፍለጋ፣ ብቻ እንደሆነ ነው። ፓቹን፣ ማለትም የኮዱን ለውጥ፣ ራሱን ግን ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያየላቸው ሰው አልነበረም።

[1.0-1.1 ተመልሳ ትመጣለች፤ ቀስ ብላ 1.0-2 ትሆናለች]

ወደ ቁጥራችን እንመለስ። ሜንቴነሩ ተመልሶ ፓኬጁን በራሱ እጅ ሲያወጣ ነጥቧ ትጠፋለች። የእንግዳውን ማስተካከያ ተቀብሎታል ወይስ ነቅሎ ጥሎታል? ቁጥሯ አትነግራችሁም። የለውጦቹን መዝገብ፣ ቼንጅሎጉን፣ መክፈት ነው።